ያልተረጋገጠችው አበባ

እኔ የድንጋይ በር መንደር ሰዎችን የማውቃቸው በጀርባቸው ነበር። ፊታቸውን በገበያ ቀን ወገዳ ላይ ሳላየው አልቀርም፤ ግን ማን የማን እንደሆነ አልለይም። ጀርባቸውን ግን አውቀዋለሁ። ቢጫ ጄሪካን ያዘለችው ሴት ወገቧ የማይታጠፍ ይመስል ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። በትራቸውን ከእግራቸው አስቀድመው የሚወረውሩ አንዲት አሮጊት አሉ። ግራ ትከሻው ዘመም ያለ፣ ባዶ እጁን ሲሄድ እንኳ ቀንበር የተሸከመ የሚመስል ገበሬም አለ። ገደሉ ላይ ሲያዩኝ ቀጥ ይሉ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን አዙረው እስካልፍ ይቆማሉ፣ ወይም በሌላ መንገድ ይወርዳሉ። «እንዴት አደርሽ» የሚባል ነገር የለም። በዚህ አገር ጠላት እንኳ መጀመሪያ «ደኅና ነህ? እግዜር ይመስገን» ተባብሎ ነው የሚጣላው። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያንኑ እንኳ አላገኘሁም።

ስንዱ እባላለሁ። ወገዳ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትምህርት በሌለ ቀን ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ ከከተማው በታች ወዳለው ገደል እወርዳለሁ፤ የዱር አበባ ፍለጋ። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በደረቅ ድንጋያማ ቦታ ላይ የሚበቅለውን አበባ ሁሉ መዝግበው ለማወቅ ፈልገው፣ ያየ ሰው በስልኩ አንሥቶ ከቦታውና ከቀኑ ጋር እንዲልክላቸው ጠየቁ። ለምለም ሜዳ ላይ አበባ ማየት ምን ጀብዱ አለው? እኛ የምንፈልገው አፈር ከሌለበት፣ እሬትና ቁልቋል ብቻ ከሚችሉት ድንጋይ ላይ ነው፤ ዝናብ አንድ ቀን ጠብ ሲል ብቅ ብሎ፣ ፀሐይ ሲበረታ የሚጠፋውን። ማለዳ ካልደረስንበት ይከደናል።

«እኛ» የምለው ልማድ ሆኖብኝ ነው። እኛ ማለት እኔና ባሌ ተስፋሁን ነበርን።

ተስፋሁን የአማርኛ መምህር ነበር። ልጅነቱን ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር አሳልፎ ነው ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገረው። ከየኔታው ሁለት ነገር ይዞ ወጥቷል፤ ድምፅና ያላዩትን አለመመስከር። ገደሉን የሚወርደው እያዜመ ነው። ፍየሎች ቅጠል መብላታቸውን ትተው ቀና ብለው ያዩታል። «ቀስ በል፣ አበባው ደንግጦ ይከደንብናል» እለው ነበር። ሰው ከማዶ «እንዴት አደራችሁ!» ሲል እሱ በዜማ ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ ማዶና ማዶ ሆኖ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጥጃው ወሬ ነው። እኔ አጎንብሼ ፎቶ አነሣለሁ። የተነሣችው አበባ አጠገብ ሦስት ድንጋይ ይደረድራል፣ አንዱን ባንዱ ላይ፤ ደግመን እንዳንመዘግባት። «ቦታውን ስልኩ ይይዘው የለም ወይ?» ስለው «ስልክ ይሞታል፤ ድንጋይ አይሞትም» ይለኛል።

ሊሞት በነበረበት ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም ብቻውን ወረደ። ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። አይቶ የማያውቃት አበባ አግኝቷል። ነጭ ናት፤ ቅጠሏ እንደ ሽንኩርት ቀጭን ነው፤ ጉሮሮዋ ውስጥ ሐምራዊ መስመር አላት። ፎቶውን አየሁት። ጭጋግ ውስጥ ያለ ነጭ ነገር ነው፤ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ያኔ ነበር፣ እኛ ድካም ነው ብለን። ስልኩ ደግሞ ቦታውን አልያዘም። «የት ነው?» ስለው «ከመንደሩ ሾላ በላይ፣ ድንጋዩ ከተሰነጠቀበት» አለኝ። ያ ገደል እኮ ያልተሰነጠቀ ድንጋይ የለውም! አብረን እንሄዳለን፣ ታሳየኛለህ አልኩት። አልሄድንም። ጉበቱ ነው አሉን ሐኪሞቹ፤ ደብረ ታቦር ተኝቶ ክረምቱን ሳይጨርስ ሞተ።

ራሄል የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ የምንልከውን የምትመረምር ልጅ አለች። ተያይተን አናውቅም። ከድንጋይ በር ጀርባ፣ ከራሄል ድምፅ፤ እንዲህ ሙሉ ሰው ሳላይ ነው የኖርኩት። ተስፋሁን ከላካቸው አበቦች ሁሉ ያቺ አንዷ ብቻ በስሙ ትይዩ ቀይ ጽሑፍ ነበረባት፦ «አልተረጋገጠም»። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አያት ነበር። ያላየውን አየሁ ብሎ የማያውቅ ሰው ነበር፤ መጨረሻ የተባለለት ነገር ግን ይኸው ነው። ሲያናድደኝ ከስልኩ ጋር እጣላ ነበር። ሲከፋኝ አለቅስ ነበር።

ካቻምና ግንቦት ሙሉ ፈልጌ አጣሁ። በዚያ ላይ የድንጋይ በር ሰዎች ዝምታ። ድሮ ከማዶ የሚጮኹልን ሰዎች ተስፋሁን ከተቀበረ ወዲህ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ምክንያቱን ማን ይነግረኛል? ራሴ ፈታሁት። ጥቁር የለበሰች፣ ልጅ የሌላት፣ ብቻዋን ገደል ለገደል የምትንከራተት ሴት፤ ባሏን ቀርጥፋ በላች ነው የሚሉኝ። እሺ ይበሉ አልኩ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ሰላም ሳልል ማለፍ ጀመርኩ። ኩራት አይደለም። ሰላም ብዬ ዝም ቢሉኝ ምን ይውጠኛል ብዬ ነው።

አምና ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ራሄል ደወለች። «ስንዱ፣ ዝርዝሩ ሰኔ ላይ ይዘጋል» አለች። «ያልተረጋገጠው በሙሉ ከዝርዝሩ ይወጣል። የተስፋሁን አበባ… አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ሌላ መላ ስላልነበረኝ ኩራቴንም ፍርሃቴንም ትቼ ለግንቦት ልደታ ወደ ድንጋይ በር ወረድኩ። ሰፈሩ በሙሉ ሾላው ሥር ተሰብስቦ፣ ደጅ ላይ ንፍሮ ጥዶ ነበር። በትራቸውን የሚወረውሩት አሮጊት ከመሀል ተቀምጠዋል። ሰዎቹ በዐይናቸው ተቀበሉኝ፤ አንዲት ሴት ቦታ ለቀቀችልኝ። እዚህ፣ ከገደሉ ውጭ፣ «ተቀመጪ» ተብያለሁ። ስልኬን አውጥቼ የተስፋሁንን ፎቶ አሳየኋቸው። «ይህችን የት እንዳለች የሚያውቅ አለ?» አልኩ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ወሬው ሁሉ ቆመ። አንዱ ለሌላው በዐይኑ ጠቀሰ፤ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ዘመም ያለው ገበሬ ስዕሉን ረጅም ጊዜ አይቶ፣ እኔን ሳያይ ስልኩን ለአሮጊቷ ሰጣቸው። አሮጊቷም ስልኩን መልሰውልኝ እጄ ላይ ንፍሮ ዘገኑልኝ፤ «እመብርሃን ትርዳሽ» አሉ፤ በቃ። ከዚያ ሁሉም እርስ በርሱ «ለከርሞ በሰላም ያድርሰን» ይባባል ጀመር። እኔንም አሉኝ። አሜን ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣም። ከርሞ ምን ልሆን ነው የምደርሰው? ንፍሮውን እንደጨበጥኩ ዳገቱን ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ለወፍ በተንኩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ዝናብ ጣለ። በቆርቆሮ ጣራው ላይ ሲወርድ ተኝቼ ሰማሁት፤ ቅዳሜ እስኪደርስ ቸኮልኩ። አርብ ጎሕ ሲቀድ ግን ከበሬ ውጭ ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ሰማሁ። «ማነው?» አልኩ። ከፈትኩ። አንድ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ከግቢው ይወጣል። «ኧረ ማነህ?» ዘወር እንኳ አላለም። ግራ ትከሻው ዘመም ያለ ነው። የበሩ ደፍ ላይ በቀጠጥና ቅጠል የተጠቀለለ፣ በክር የታሰረ ነገር ተቀምጧል።

አከራዬ እትዬ ዓለሚቱ ለኪዳን ልትሄድ ወጥታ ኖሮ አየችው። «አትንኪው!» ብላ ጮኸች። «ወየው ልጄን፣ መተት ጣሉባት! ጨው ይበተንበት!» እኔም ባዮሎጂ ማስተማሬን በምን ላስታውስ፤ እጄን ሰበሰብኩ። ጠልተውኝ ሳለ ደግሞ እቤቴ ድረስ መጡብኝ አልኩ። ጨዉ እስኪመጣ ቆሜ ሳየው ግን ከቅጠሉ ጫፍ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል። ክሩን በጠስኩት።

ነጭ ናት። ቅጠሏ እንደ ሽንኩርት ቀጭን ነው። ጉሮሮዋ ውስጥ ሐምራዊ መስመር አላት። ከነሥሯ ተነቅላ፣ እርጥብ አፈር ይዛ፣ አንዲት አበባዋን ከፍታ እጄ ላይ ተኛች። «ተስፋሁን!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እትዬ ዓለሚቱ ጨዉን እንደያዘች አማተበች። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። እሷን ለማየት ገደል ለገደል ዓመት ሙሉ ስንከራተት፣ አንድ ሰው ሄዶ ነቅሏታል! ንዴቴ እስከ ጆሮዬ ወጣ።

ለራሄል ፎቶውን ልኬ ደወልኩ። እንቅልፍ ውስጥ ነበረች፤ ስታየው ነቃች። «ስንዱ! ይህን የመሰለ አይቼ አላውቅም!» አለች። «በፎቶ ብቻ ግን አይወሰንም። ከነሥሯ ጋዜጣ መሀል ተጫኝያትና አድርቀሽ ላኪልኝ። የሥሯ ቅርፊት ነው ዘሯን የሚለየው። የተነቀለችበትን ቦታ ጨምሪበት። ያን ጊዜ ተረጋገጠ ማለት ነው፣ በተስፋሁን ስም። ብቻ ሳትጠወልግ!»

አሮጌ ጋዜጣ ዘረጋሁ። ከባዱን የመማሪያ መጽሐፍ አወረድኩ። አበባዋን ወረቀቱ ላይ አስተኝቼ፣ ቅጠሏን በጣቴ አቃናሁ። ከዚያ አሰብኩ፤ ቦታውን ካላወቅሁ ምን ዋጋ አለው? አነሣኋት፤ ሥሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በባዶ ጣሳ ውስጥ አቆምኳት። ትምህርት ቤት ቀርቼ፣ ቁልቁል ወደ ድንጋይ በር ነጎድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ስድብ ሁሉ እያዘጋጀሁ ነበር።

ዘመም ያለው ገበሬ ደጁ ላይ ሞፈሩን ይጠርባል። በትር የሚወረውሩት አሮጊት አጠገቡ ተቀምጠው የሚዘራውን ምስር ይለቅማሉ፤ እናቱ ኖረዋል። ሲያየኝ ቀጥ አለና ፊቱን አዞረ።

«ደግሞ ዛሬም ጀርባ!» አልኩ። ጮኽኩ ብል ይሻላል። «ስምዎን እንኳ አላውቅም! ይህችን ቤቴ በር ላይ ያስቀመጡት እርስዎ ነዎት?»

እሱ እናቱን አየ። አሮጊቷ ጣሳውን አዩና «እጅሽ ገባች?» ብለው ጠየቁኝ።

«ገባች እንጂ! ይኸው!»

«በል እንግዲህ ልጄ፣ ተናገር» አሉት። «ከእጇ ከገባ ወዲያ ክልክል የለውም።»

ሰውየው ዞረ። ፊቱን ያን ጊዜ በደንብ አየሁት፤ ሳቂታ ፊት ነው ያለው። ጎንበስ አለና «እንዴት አደሩ መምህርት?» አለኝ። «ደኅና ነዎት? ሰንብተዋል? እግዜር ይመስገን። ይታየው እባላለሁ። እናቴ ተሾመች ይባላሉ።» ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተባልኩት ሁሉ በአንዴ ሲመጣብኝ ስድቤ ጠፋብኝ።

«አያ ይታየው» አልኩ፣ ድምፄ ዝቅ ብሎ። «ለምን ነቀሏት? ማን ንቀሉልኝ አለዎት?»

«እንዲያው ሲደክሙ አይተን ነዋ» አለ፤ ግራ ገብቶታል። «የሚፈልጉት ሥር እሷ መሆኗን ለልደታ አሳዩን። ዝናቡ ሲመጣ እንደምትወጣ አውቃለሁ። ዛሬ አርብ አይደል፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ብረት ሳላስነካ፣ በእንጨት ነው ያወጣኋት። ማንንም ሳላናግር፣ ወደኋላ ሳላይ ነው ያደረስኩልዎት። አጉድዬ ይሆን?»

«ምን ሥር? እኔ ሥር አልፈልግም! አበባ ነው የማየው! አይቼ ነው የምተዋት!»

እማማ ተሾመች የሚለቅሙትን ትተው አዩኝ። «አይተሽ ነው የምትተዪያት?» አሉ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም ነበር?» አሉ። «ሥር የሚፈልግ ሰው አይናገርም፤ የሚያየውም አያናግረውም። ካናገሩት ሥሩ ይሸሸዋል፣ መድኃኒቱም ውሃ ይሆናል። ይህንን የማያውቅ የለም። ባልሽ ሳለ እንዲህ እንዳልሆናችሁ እናውቅ ነበር፤ እያዜመ ሥር የሚፈልግ የት አለ? እሱ ካረፈ ወዲህ ግን ጥቁር ለብሰሽ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ እህል ሳትቀምሺ፣ አንገትሽን ደፍተሽ፣ ትንፍሽ ሳትዪ። ያቺን ልጅ ኀዘኑ እንቅልፍ ነሥቷታል፣ የእንቅልፉን ሥር ትፈልጋለች አልን። እግዜር ያድርስላት ብለን ዝም አልን። ልጆቹ ‹ቲቸር› ብለው ሊጠሩሽ ሲሉ አፋቸውን እየያዝን ነው እኮ የኖርነው።»

«ለልደታስ?»

«ስሟ በአደባባይ አይጠራም። ምን እንበልሽ?»

«የጠላችሁኝ መስሎኝ ነበር» አልኩ። «ባሏን በላች የምትሉኝ መስሎኝ።»

«በስመ አብ!» ብለው አማተቡ እማማ ተሾመች። «ኧረ ልጄ! ይህንን ይዘሽ ነው ሁለት ዓመት የወጣሽ የወረድሽው?»

ጣሳዬን እንዳቀፍኩ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለተስፋሁን ያለቀስኩት ልቅሶ አልነበረም። ለራሴ ነው። ያንን ሁሉ ማለዳ የቆሙት ሰዎች እኔን ለመጠበቅ ቆመው ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ማለዳ ተጥያለሁ ብዬ አልፌያቸዋለሁ። እማማ ተሾመች እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው እስክጨርስ ጠበቁ።

ከዚያ አያ ይታየው ቦታውን ሊያሳየኝ አብሮኝ ወጣ። ሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ወሬ ሁሉ ያን ቀን ጨረሰው። የበሬው ስንፍና፣ የእናቱ ጉልበት፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የተዳረችው ልጁ፣ ሁሉንም ሰማሁ። መልስ የምሰጠው አጠር አድርጌ ነው፤ ገደሉ ላይ መናገር ጠፍቶብኝ ነበር። ከሾላው በላይ፣ እኔ ስንት ጊዜ ያለፍኩበት ቋጥኝ ጀርባ፣ ድንጋዩ እጅ በሚያስገባ ልክ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ውስጥ በእንጨት የተቆፈረ እርጥብ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ አጠገብ ሦስት ድንጋይ ተደርድሯል፣ አንዱ ባንዱ ላይ።

ተንበርክኬ ነካሁት። የላይኛውን ድንጋይ ግራጫ ሽበት ጀምሮታል። በእሱ እጅ ነው የተቀመጠው። የዚያን ቀን፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ።

«ይህችን ምልክት ስናይ አንነካትም ነበር» አለ አያ ይታየው ከኋላዬ። «መጀመሪያ ምን እንደሆነች አናውቅም። ኋላ ግን የእርስዎ ምልክት ናት አልን። ምልክት ያለበትን የሰው ሥር መንካት ነውር ነው። ፍየል እንኳ ሲጠጋ እንመልሳለን። በዚህ ገደል ሦስት ድንጋይ ባለበት ሁሉ እንዲሁ ነው። እኔም የነቀልኳት የእርስዎ ስለሆነች ነው፤ ለባለቤቷ ላደርስ።»

«ሌላ አለች? እሷን የመሰለች?»

አሰበ። «አባቴ ሳሉ እዚያ ማዶ ነበረች። እንቅልፍ ያጣ ሁሉ እየነቀለ ጨረሳት። አሁን እኔ የማውቀው ይህችን ነው።»

ስልኬ ጠራ። በዚያ ገደል መረብ የሚገኘው ሲፈልግ ነው፤ ያን ሰዓት ፈለገ። «ቦታውን አገኘሽው?» አለች ራሄል። አገኘሁት አልኳት። «ይኸው ነው እንግዲህ! ቶሎ ተጫኝያት፣ እየጠወለገች ነው። ከመሸ አትሆንም።»

መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ። ጣሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ሦስቱ ድንጋዮች አጠገብ ተቀመጥኩ። ፈልጌው ነበር እኮ። ያ ቀይ ጽሑፍ ከስሙ ትይዩ ጠፍቶ፣ ተስፋሁን ያየው እውነት ነው ተብሎ እንዲጻፍ፣ ሌላ ምንም አልተመኘሁም ነበር። አሁን እጄ ላይ ነው ያለው። ጋዜጣ መሀል ላስተኛት፤ በቃ። ጥቂት ቆይቼ የላይኛውን ድንጋይ አየሁ። ይህንን የደረደረው እኔና እሱ ደግመን እንዳንመዘግባት ነው፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እሷን ያኖራት ይኸው ድንጋይ ነው። እሱ ሞቶ ድንጋዩ ጠበቃት። አድርቄ ብልካት ስሙ ይጻፋል፤ የተጻፈላት አበባ ግን የለችም። ተስፋሁን ይህንን ቢሰማ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። በዜማ ነበር የሚቆጣኝ።

«አያ ይታየው» አልኩ። «መልሰን እንትከላት። ትበቅል ይሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ መምህርት? ነቅዬ እንጂ ተክዬ አላውቅም» አለ። ግን ወዲያው ተንበረከከ። ሥሯን በሁለት እጁ እንደ እንቁላል ይዞ ስንጥቁ ውስጥ አስገባት፤ አፈሩን በጣቱ እየቆነጠረ መለሰላት። ከጣሳው የቀረውን ውሃ እኔ አፈሰስኩ። አበባዋ አንገቷን ደፍታ ነበር። እንደዚያው ፎቶ አነሣኋት፤ ከነድንጋዮቹ።

ለራሄል ሁሉንም ነገርኳት። «ስንዱ፣ እንግዲያውስ ዝርዝሩ ውስጥ አትገባም» አለች። «ሰኔ ላይ አወጣታለሁ። አዝናለሁ።»

«አውጫት» አልኩ። ቆራጥ መስዬ ልል ነበር ያሰብኩት፤ ግን አለቀስኩ፣ እሷም ሰማችኝ።

ሰኔ ላይ ከዝርዝሩ ወጣች። የተስፋሁን ስም ያለበትን ገጽ ስከፍት ቀይ ጽሑፍ የለም። አበባዋም የለችም። አንዳንዴ ያንን «አልተረጋገጠም» እንኳ እናፍቀዋለሁ።

ዓመት ዞሮ ይኸው ደግሞ ግንቦት መጣ። ድንጋይ በር ሰላምታ አጣሁ ስል አሁን በዛብኝ። ከሩቅ አይተው ይጮሃሉ፤ ልጆቹ «ቲቸር!» እያሉ ገደሉን ያስተጋቡታል። አበባ ከመከደኑ በፊት የምደርስበት ጊዜ የለም። ዝናቡ ከጣለ ወዲህ ደግሞ ሰላምታው ተለውጧል። ባለ ቢጫ ጄሪካኗ ውዴ፣ አሁን ስሟንም ፊቷንም አውቃለሁ፣ ደኅና ነሽ ከማለቷ በፊት «አበበች?» ትለኛለች። ገበያ ላይ የማላውቀው ሽማግሌ ያስቆመኝና «አበበች ወይ?» ይለኛል። ገና ናት እላለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን የሚጠይቀኝ የለም። አልጋው እንደ ድሮው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚሞቀው። ይህንን የገደሉ ሰላምታ አልቀየረውም፤ ይቀይረዋል ብዬም አልዋሽም።

ትናንት እማማ ተሾመች «እስቲ እኔም ልያት» ብለው በትራቸውን እየወረወሩ ከእኔና ከይታየው ጋር ወጡ። መንገዱን ሙሉ አላረፉም፤ ጉልበታቸውንም ዳገቱንም ይሰድባሉ። ከስንጥቁ ሁለት ቀጫጭን ቅጠሎች ወጥተዋል፤ አረንጓዴ፣ ብርቱ። አበባ የለም። ዝናቡ አሁን እየከበደ ነው፤ ዘንድሮ ከእንግዲህ አታብብም። በቅጠል ብቻ ደግሞ ማንም ምንም አያረጋግጥም። እኔ ስልኬን መልሼ ኪሴ ከተትኩ። ይታየው ጥፋተኛ ሆኖ መሬት መሬት ያያል።

እማማ ተሾመች በትራቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና ቅጠሎቹን አዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«ምነው ተከፋሽ? የተነቀለ ነገር ዓመት አይበቃውም» አሉ። «ለከርሞ ያድርሰን።»

«አሜን» አልኩ። አምና ከጉሮሮዬ አልወጣ ያለው ቃል ነው። ከርሞን ከተመኘሁ ሦስት ዓመቴ ነበር።